«ኢን ዚ ኤንድ»፦ ስለ ሊንኪን ፓርክ ዝነኛ ነጠላ ዜማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ኢን ዚ ኤንድ» የማን ዘፈን ነው? መቼስ ወጣ?

ዘፈኑ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሊንኪን ፓርክ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ሥራ ነው። ለሕዝብ መጀመሪያ የደረሰው ኦክቶበር 24 ቀን 2000 በወጣው «ሃይብሪድ ቲዮሪ» በተሰኘው የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም ውስጥ ሲሆን፣ በአልበሙ ላይ ስምንተኛው ዘፈን ነው። በነጠላ ዜማነት ለብቻው የወጣው ግን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ በኦክቶበር 2001 ነው። ከዚያው አልበም «ዋን ስቴፕ ክሎዘር»፣ «ክሮውሊንግ» እና «ፔፐርከት» ቀድመውት ስለነበር አራተኛውና የመጨረሻው ነጠላ ዜማ እሱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የቡድኑ አባላት ድምፃዊው ቼስተር ቤኒንግተን፣ ራፕ የሚያደርገውና ኪቦርድ የሚጫወተው ማይክ ሺኖዳ፣ ጊታሪስቱ ብራድ ዴልሰን፣ ድራመሩ ሮብ ቦርደን፣ ዲጄው ጆ ሃን እና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዴቭ ፋረል ነበሩ። ፋረል አልበሙ ሲቀረጽ በአብዛኛው ከቡድኑ ጋር አልነበረም፤ የተመለሰው ቆይቶ ነው።

ራፕ ሮክ የሚባለው ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ከየትስ መጣ?

ራፕ ሮክ የሮክን ጊታርና ድራም ከራፕ አነጋገር ጋር ያጣመረ ስልት ነው። ሰፊው ሕዝብ ጥምረቱን በደንብ ያስተዋለው በ1986 ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የኒው ዮርኩ የራፕ ቡድን ራን ዲኤምሲ፣ ኤሮስሚዝ የተባለው የሮክ ቡድን በ1975 ያወጣውን «ዎክ ዚስ ዌይ» ከራሱ ከኤሮስሚዝ ድምፃዊና ጊታሪስት ጋር እንደገና ሠርቶ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ላይ አደረሰው፤ ዋናው ቅጂ በዘመኑ የደረሰው አሥረኛ ደረጃ ላይ ብቻ ነበር። በ1992 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ደግሞ ስልቱን የፖለቲካ ተቃውሞ ማሰሚያ አደረገው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ ሊምፕ ቢዝኪት ያሉ ቡድኖች ቁጣና ጉራ የተቀላቀለበት የወጣቶች ጭፈራ አደረጉትና ገበያውን ሞሉት።

ሊንኪን ፓርክ የደረሰው እንግዲህ በዚህ መስመር ጫፍ ላይ ነው። እግረ መንገዳችንን፣ ብዙ አድማጭ የማያውቀው አንድ የሚያገናኝ ክር አለ፤ የራን ዲኤምሲን «ዎክ ዚስ ዌይ»፣ የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽንን የመጀመሪያ አልበምና «ሃይብሪድ ቲዮሪ»ን ሚክስ ያደረገው፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ያዋሐደው፣ አንድ ሰው ነው፤ አንዲ ዋላስ ይባላል። ከፍ ያለ ጊታርና የሚነገር ቃል ሳይጋጩ በአንድነት እንዲሰሙ የማድረግ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በአንድ እጅ ተጉዞ እዚህ ደርሷል ማለት ነው።

ዘፈኑ ስለ ምንድን ነው?

ስለ ከንቱ ድካም ነው። ተናጋሪው ብዙ እንደ ለፋ፣ ሩቅም እንደ ተጓዘ ይናገርና በመጨረሻው ግን ያ ሁሉ ምንም ዋጋ እንዳልነበረው ያምናል። በራፕ በሚነገሩት ስንኞች ውስጥ ጊዜ ዋነኛው ምስል ነው፤ የሰዓት ፔንዱለም ሲወዛወዝ፣ ቀኑ ሳያስቡት ሲያልቅ፣ ሰው ደግሞ ይህን እያየ ምንም ማድረግ ሲያቅተው እንሰማለን። ከአዝማቹ በኋላ በሚመጣው የመሸጋገሪያ ክፍል አንድ የታመነ ሰው እምነትን እንዳጎደለ ይጠቆማል፤ ያ ሰው ፍቅረኛ ይሁን ጓደኛ፣ ወላጅ ይሁን ሌላ አይገለጽም።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ መጽሐፈ መክብብን ማስታወሱ አይቀርም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። መክብብ ሁሉን አይቶ፣ ሁሉን አግኝቶ፣ ዕድሜ ጠግቦ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቃል ነው፤ የዚህ ዘፈን ጸሐፊ ማይክ ሺኖዳ ግን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ አልበም እንኳ ያላወጣ ወጣት ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ የረካ ሰው ጥበብ ሳይሆን ገና ሳይጀምር የደከመው ሰው ስጋት ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ አድማጮች የራሳቸው ያደረጉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዘፈኑ ውስጥ ማን የትኛውን ክፍል ይዘፍናል?

ስንኞቹን በራፕ የሚያወርደው ማይክ ሺኖዳ ሲሆን፣ አዝማቹንና የመሸጋገሪያውን ክፍል የሚዘፍነው ቼስተር ቤኒንግተን ነው። ይሁን እንጂ ድንበሩ ጥብቅ አይደለም፤ ሺኖዳ ራፕ በሚያደርግበት ጊዜ ቼስተር በመሐል ገባ እያለ አጫጭር ሐረጎችን በዜማ ያስገባል፤ ሁለቱ እንደ አውጪና ተቀባይ እየተቀባበሉ ወደ አዝማቹ ይደርሳሉ። ራፑ በልኩ፣ በረጋ ድምፅ ነው የሚነገረው፤ ምሬቱን አጉልቶ የሚያወጣው የቼስተር ዜማ ነው።

ይህ ክፍፍል በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። አልበሙ በሚሠራበት ጊዜ ከሪከርድ ኩባንያው በኩል የሺኖዳ ድርሻ እንዲቀንስና ቡድኑ በቼስተር ዙሪያ እንዲዋቀር ግፊት እንደነበረ አባላቱ ደጋግመው ተናግረዋል። ቼስተር በቡድኑ ውስጥ አዲስ ገቢ ነበር፤ ከአሪዞና መጥቶ የተቀላቀለው በ1999 ነው። ግፊቱን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ሊጠቀም የሚችለው እሱ ራሱ ነበር፤ አልተቀበለም። ያለ ሺኖዳ ራፕ «ኢን ዚ ኤንድ» ጥሩ አዝማች ያለው ተራ የሮክ ዘፈን ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንዴት ተጻፈ?

ሺኖዳ እንደሚተርከው የዘፈኑ መሠረት የተጣለው በሎስ አንጀለስ በሆሊውድና ቫይን ጎዳናዎች አካባቢ በነበረው የቡድኑ የልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሲሄዱ ብቻውን ቀርቶ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ፤ የፒያኖው ዜማና የአዝማቹ ሐሳብ የተገኘው በዚያ ሌሊት ነው። ሺኖዳ በልጅነቱ ፒያኖ ተምሯል፤ ዘፈኑ በጊታር ሳይሆን በጥቂት የፒያኖ ኖታዎች የሚጀምረውና በእነዚያው የሚያበቃው በአጋጣሚ አይደለም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ቅጂ ርዕስ እንኳ አልነበረውም፤ የራፑ ስንኞችም ዛሬ ከምናውቃቸው የተለዩ ነበሩ። አልበሙ በ2000 በኖርዝ ሆሊውድ በሚገኘው ኤንአርጂ ስቱዲዮ ሲቀረጽ ፕሮዲውሰሩ ዶን ጊልሞር ግጥሞቹን ደጋግሞ እየመለሰ እንደገና እንዲጻፉ ያዝዝ ነበር። ይህ ሁለቱን ድምፃውያን ክፉኛ አበሳጭቷቸው ነበር፤ «ዋን ስቴፕ ክሎዘር» የተወለደው ከዚያ ንዴት እንደሆነ ይነገራል። «ኢን ዚ ኤንድ» ግን ከንዴቱ ይልቅ ከማጣራቱ ተጠቅሟል፤ ረቂቁን ያዳመጠ ሰው አዝማቹ ያው ሆኖ ስንኞቹ ምን ያህል እንደጠሩ ወዲያው ይለያል።

ምን ያህል ተወዳጅ ሆነ? አንደኛ ወጥቶ ያውቃል?

በአሜሪካ አጠቃላይ የዘፈኖች ሰንጠረዥ፣ ማለትም በቢልቦርድ ሆት 100፣ አንደኛ አልወጣም። ከፍተኛ ደረጃው ሁለተኛ ሲሆን እዚያ የደረሰው በማርች 2002 ነው፤ አንደኝነቱን ይዞ ያላስነካው የጄኒፈር ሎፔዝና የጃ ሩል «ኤንት ኢት ፈኒ» ነበር። እስካሁንም ሊንኪን ፓርክ በዚያ ሰንጠረዥ ከዚህ በላይ የወጣበት ጊዜ የለም። በዓመቱ ማጠቃለያ ላይ ግን ከ2002 ዘፈኖች ሁሉ ሰባተኛ ሆኗል። በብሪታንያ ደግሞ ስምንተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ዘፈኑን ያጫወቱት የሬዲዮ ጣቢያዎች ዓይነት ነው። የሮክ ጣቢያዎችና የፖፕ ጣቢያዎች በዚያን ዘመን ለየቅል የሆኑ አድማጮች ነበሯቸው፤ «ኢን ዚ ኤንድ» በሁለቱም ዘንድ አንደኛ ለመሆን በቃ። አልበሙም በዚያው ፍጥነት ተሸጠ፤ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» በ2001 በአሜሪካ 4.8 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሽጦ የዓመቱ ከፍተኛ ሽያጭ ያለው አልበም ሆነ፤ በ2020 ደግሞ የ12 ሚሊዮን ቅጂ የፕላቲነም ማረጋገጫ አግኝቷል። በዘመነ ኢንተርኔት ዘፈኑ በስፖቲፋይም በዩቲዩብም ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል።

የግራሚ ሽልማት አሸንፏል?

አላሸነፈም። በ2002 ለሊንኪን ፓርክ የመጀመሪያውን ግራሚ ያስገኘው ከዚያው አልበም የወጣው «ክሮውሊንግ» ነው፤ የተሸለመውም በሃርድ ሮክ አፈጻጸም ዘርፍ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ዘመን አብረው ይደመጡ ስለነበር ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። «ኢን ዚ ኤንድ» ያገኘው ትልቅ ሽልማት በ2002 የኤምቲቪ የቪዲዮ ሙዚቃ ሽልማት ላይ የምርጥ ሮክ ቪዲዮ ነው።

የሙዚቃ ቪዲዮው የት ተቀረጸ? በሰማይ ላይ የሚታየው ዓሣ ነባሪስ ምንድን ነው?

ቪዲዮውን ያዘጋጁት የቡድኑ ዲጄ ጆ ሃን እና ኔተን ኮክስ ናቸው። ቡድኑ በ2001 ኦዝፌስት ከተባለው ተጓዥ የሮክ ፌስቲቫል ጋር ከከተማ ከተማ ይዞር ስለነበር ቀረጻው በጉዞው መሐል ተከናውኗል፤ የበረሃው ምስል ከካሊፎርኒያ የተወሰደ ሲሆን፣ ሙዚቀኞቹ የሚታዩበት ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ በኮምፒውተር ከበረሃው ጋር ተዋሕዷል። ቡድኑ ግዙፍ ሐውልት በሚመስል ሕንፃ አናት ላይ ቆሞ ይጫወታል፤ ዙሪያው ደረቅ ምድር ነው። ዘፈኑ እየገፋ ሲሄድ በሺኖዳ እግር ሥር ሣር ይበቅላል፣ መጨረሻ ላይም ዝናብ ይወርድና ምድሩ ይለመልማል።

ዓሣ ነባሪው በዚያ ደረቅ ሰማይ ላይ ሲበር የሚታይ የኮምፒውተር ሥዕል ነው። ሃንና ሺኖዳ ሁለቱም ሥዕል የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ቪዲዮው በታሪክ ሳይሆን በምስል የሚናገረውም ለዚህ ነው። ዛሬ ለሚያየው ሰው የኮምፒውተር ሥራው ማርጀቱ ግልጽ ነው። ከዝናቡ ጋር የሚመጣው ልምላሜ ግን ግጥሙ የማይለውን ነገር ይላል፤ ቃሉ ሁሉም ከንቱ ነው ሲል ምስሉ ሣር ያበቅላል። ይህ ተቃርኖ ታስቦበት የገባ ይመስለኛል።

ቼስተር ቤኒንግተን ዘፈኑን አይወደውም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎን፤ ራሱ በአደባባይ የተናገረው ነው። ዘፈኑን ሲሠሩ እንዳልወደደው፣ እንዲያውም በአልበሙ ውስጥ እንዲካተት እንዳልፈለገ ገልጿል። የእሱ ዝንባሌ ጊታሩ ወደሚያገሳባቸው፣ ድምፁን አውጥቶ ወደሚጮህባቸው ዘፈኖች ነበር፤ ይህ ደግሞ በፒያኖ የሚጀምርና የሚያመነታ ዜማ ነበር። በኋላ ላይ ግን ምን ያህል እንደተሳሳተ እየሳቀ ያወራው ነበር፤ ዘፈኑንም እንደወደደው ተናግሯል።

ይህ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ነው። እኔ ግን ስለ አዘፋፈኑ የሚነግረን ነገር አለ እላለሁ። አዝማቹን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ቼስተር በ«ክሮውሊንግ» እንደሚያደርገው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንደማይጮህ ያስተውላል፤ ድምፁን ይዞ፣ ቆጥቦ ነው የሚዘፍነው፤ ሙሉ ኃይሉ የሚሰማው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ቁጥብነቱ ካለመውደድ ይምጣ ከፕሮዲውሰሩ ትእዛዝ፣ ዘፈኑን የጠቀመው ግን እሱ ነው።

ብዙ የራፕ ሮክ ዘፈኖች ሲረሱ ይህ ለምን ቆየ?

አንድ ንጽጽር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በማርች 2001 ክሬዚ ታውን የተባለ ቡድን «ባተርፍላይ» በሚል የራፕ ሮክ ዘፈን በቢልቦርድ ሆት 100 አንደኛ ወጥቶ ነበር፤ ይኸውም «ኢን ዚ ኤንድ» ያልቻለውን ነው። ዛሬ ያ ዘፈን የዚያን ዘመን አለባበስና ፀጉር የሚያስታውስ ቅርስ ሆኖ ይደመጣል፤ ሁለተኛ የወጣውን «ኢን ዚ ኤንድ» ግን ያኔ ገና ያልተወለዱ ልጆች ጭምር አድገው በቃል ይዘውታል።

የመጀመሪያው ምክንያት በድምፁ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በጊዜው ራፕ ሮክ ማለት ጊታሩ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ማለት ነበር። እዚህ ግን ስንኞቹ በሚነገሩበት ጊዜ ከፒያኖው፣ ከኤሌክትሮኒክ ምቱና ከጥቂት የጊታር ኖታዎች በቀር ብዙ ነገር የለም፤ ከባዱ ጊታር የሚገባው ለአዝማቹ ብቻ ነው፤ ገብቶም ዜማውን አይሸፍነውም። ስለዚህ የጊታር ድምፅ ፋሽን ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ነገር ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጠላት የሌለው ዘፈን መሆኑ ነው። ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ጣቱን በመንግሥት ላይ፣ ሊምፕ ቢዝኪት በቀድሞ ፍቅረኛና በሚያናድድ ሰው ላይ ይቀስር ነበር፤ ጠላቱ ሲረሳ ቁጣውም ይረሳል። «ኢን ዚ ኤንድ» የሚወቅሰው በዋነኛነት ራስንና ጊዜን ነው፤ እነዚህ ደግሞ የትም አይሄዱም። በእንጉርጉሮ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሐዘንን ለሌላ ከማሳበብ ይልቅ ለራስ እያወሩ ማሰማት የቆየ የዜማ ባሕል ነው።

ሌላም ተጨባጭ ጉዳይ አለ። በ«ሃይብሪድ ቲዮሪ» ውስጥ አንድም የብልግና ቃል የለም። ይህ በዚያን ዘመን የራፕ ሮክ አልበሞች ዘንድ ብርቅ ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቃል ሳይቆርጡ እንዲያጫውቱት፣ ወላጆችም ሳይከለክሉ እንዲያሳልፉት አስችሏል። የአዝማቹ ቃላትም አጫጭርና ቀላል ናቸው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ አድማጭ አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዛቸዋል። ከአሜሪካ ውጭ በየአህጉሩ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሊዘፍነው የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ተቺዎችና የሮክ ወዳጆች በጊዜው ለምን ናቁት?

ሁለት ዓይነት ክስ ነበር። አንዱ ሜታል ከሚባለው ከባድ የሮክ ዓይነት ወዳጆች የመጣ ሲሆን፣ ቡድኑ በሪከርድ ኩባንያ እንደ ፖፕ ቡድን ተሰብስቦ የተሠራ ነው የሚል ነበር። ይህ ሐሰት ነው። አባላቱ ከ1996 ጀምሮ በሌላ ስም አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ብዙ ኩባንያዎች እምቢ ብለዋቸዋል፤ የመጀመሪያ አድማጮቻቸውንም ያገኙት በኢንተርኔት የመወያያ መድረኮች ራሳቸው እየገቡ ሙዚቃቸውን በማካፈል ነው።

ሁለተኛው ክስ ከሙዚቃ ተቺዎች የመጣ ነው፤ ግጥሙ የአሥራዎቹ ዕድሜ ብሶት ነው፣ ስሜቱም ከልክ በላይ ነው የሚል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስተባበል አይቻልም። ግጥሙ ሰምና ወርቅ የለውም፤ የሚለውን በቀጥታ ይላል፤ በወረቀት ላይ ብቻ ቢነበብ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይገኝበትም። ተቺዎቹ የሳቱት ቀጥተኛነቱ ራሱ ተግባር እንዳለው ነው፤ የሚሰማውን በቃል መግለጽ ያልቻለ የ15 ዓመት ልጅ የሚፈልገው ቅኔ ሳይሆን የተዘጋጀ ቃል ነው።

ዘፈኑ በኢንተርኔት ላይ ለምን የቀልድ ማጀቢያ ሆነ?

ነገሩ የጀመረው ያለ ምንም ቀልድ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን አኒሜ ወዳጆች እንደ «ድራጎን ቦል» ያሉ ተከታታይ ፊልሞችን የውጊያ ክፍሎች እየቆራረጡ ከሊንኪን ፓርክ ዘፈኖች ጋር ያዋሕዱ ነበር፤ «ኢን ዚ ኤንድ» ከሁሉም በላይ ከተመረጡት አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች ከመብዛታቸው የተነሣ ልማዱ ራሱ መሣቂያ ሆነ። ከዚያም ሰዎች ለጥቃቅን ውድቀት፣ ለምሳሌ ለተደፋ ቡና ወይም ለተሸነፈ ጨዋታ፣ የአዝማቹን የመጀመሪያ ቃላት መጻፍ ጀመሩ፤ ሌላው ሰው ቀጣዩን ስንኝ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ይጨርሰዋል። ማንም ሳያስረዳ ሁሉም የሚቀጥለውን ማወቁ የዘፈኑን ስርጭት ከማንኛውም ሰንጠረዥ በተሻለ ያሳያል።

በዝግታ፣ በሴት ድምፅ የሚሰማው ቅጂ የማን ነው?

እሱ የሊንኪን ፓርክ አይደለም። አቀናባሪው ቶሚ ፕሮፊት ሲሆን ፍለሪ የተባለችው ድምፃዊትና ጃንግ ዩዝ የተባለው ራፐር ይሳተፉበታል። ሜለን ጂ በተባለ አዘጋጅ የተሠራው የዚህ ቅጂ ሪሚክስ በአጫጭር ቪዲዮዎች አማካይነት ተሰራጭቶ ብዙ ወጣቶች ዘፈኑን መጀመሪያ ያወቁት በዚያ ነው። ቡድኑ ራሱ የሠራቸው ሌሎች ቅጂዎችም አሉ፤ በ2002 በወጣው «ሪአኒሜሽን» በተባለው የሪሚክስ አልበም ውስጥ አንዱ ይገኛል፤ በ2004 ደግሞ ከራፐሩ ጄይ ዚ ጋር በሠሩት «ኮሊዥን ኮርስ» ላይ ከጄይ ዚ «ኢዞ» ጋር ተዋሕዷል።

ራፕ ሮክ ነው ወይስ ኑ ሜታል?

ሁለቱም ስሞች ይሰጡታል። ኑ ሜታል የሚባለው ከሜታል ወጥቶ ራፕን፣ ዲጄንና ሌላም የቀላቀለ ሰፊ ማዕበል ነው፤ ሊንኪን ፓርክ በቡድንነቱ እዚያ ውስጥ ይመደባል። ይህ ዘፈን ለብቻው ሲታይ ግን የሜታል ክብደት የለውም፤ የሚያቆመው ራፑና ዜማው ነው። ስለዚህ ራፕ ሮክ የሚለው ይበልጥ ይስማማዋል።

ዘፈኑ የቼስተር ኑዛዜ ነው ማለት ይቻላል?

ቼስተር ቤኒንግተን ጁላይ 20 ቀን 2017 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አድማጮች አዝማቹን እንደ እሱ የግል ስንብት ይሰሙታል። ስሜቱ የሚገባ ነው፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። የአዝማቹ ሐሳብ ከሺኖዳ የመጣ ነው፤ ሲጻፍም ቼስተር ገና አዲስ አባል ነበር፤ ዘፈኑንም መጀመሪያ አልወደደውም። ስለ ራሱ ሕመምና ሱስ በግልጽ የዘፈነው በሌሎች ሥራዎች ነው፤ «ክሮውሊንግ»ን ለዚህ መጥቀስ ይቻላል። ዘፈኑን ኑዛዜ ማድረግ ሺኖዳን ከድርሰቱ ያስወጣዋል፤ የቼስተርንም ሕይወት በአንድ አዝማች ይደመድመዋል።

እውነት የሆነው ግን የዘፈኑ አቀባበል ከዚያ ቀን ጀምሮ መለወጡ ነው። ሺኖዳ በ2018 ለብቻው ባደረገው የኮንሰርት ጉዞ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የራሱን ክፍል ሲያሰማ የቼስተርን ክፍል ሕዝቡ ይዘፍነው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሽንፈት ዘፈን በአንድ ጊዜ የሐዘን መወጫ ሆነ።

አሁን በአዲሷ ድምፃዊት ሲዘፈን ያው ዘፈን ነው?

ሊንኪን ፓርክ በሴፕቴምበር 2024 ኤሚሊ አርምስትሮንግን ከሺኖዳ ጋር በድምፃዊነት፣ ኮሊን ብሪተንን በድራመርነት ይዞ ተመልሷል፤ ሮብ ቦርደን አልተመለሰም። የእግር ኳስ ወዳጆች በ2025 በሙኒክ ፓሪስ ሳንዠርማንና ኢንተር ሚላን በተገናኙበት የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ከጨዋታው በፊት ሲጫወቱ አይተዋቸዋል። «ኢን ዚ ኤንድ» በኮንሰርቶቻቸው መዘፈኑ አልቀረም፤ በዚህም የቆዩ አድናቂዎች ለሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ የቼስተር ቦታ ባዶ ሆኖ መቅረት ነበረበት ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዘፈኑ የሚኖረው እየተዘፈነ ነው ይላሉ።

በእኔ እምነት ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። አርምስትሮንግ የቼስተርን አዘፋፈን ለመቅዳት አትሞክርም፤ የራሷ ሻካራ ድምፅ አላት፤ ስለዚህ በመድረክ የሚሰማው ሌላ አፈጻጸም ነው እንጂ የቀድሞው ምትክ አይደለም። ዘፈኑን ያቀናበረው ሺኖዳ ደግሞ ራፑን ዛሬም ራሱ ያሰማል፤ የራሱን ድርሰት ከማን ጋር እንደሚያቀርብ የመወሰን መብቱ ሊነፈግ አይገባም። ቼስተርን መስማት የሚፈልግ ሰው የ2000ው ቅጂ አልተነካበትም፤ 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል።